የጠዋቱ ሦስት ደቂቃ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለሽቦ፤

በመጀመሪያ ጤናህን፣ ቀጥሎ የዚያን አገር ብርድ የሚችል ገላ፣ ከዚያ ደግሞ ሰው የሚመስል አለቃ ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ። ከደህና በላይ የሚጻፍ ነገር ስለሌለኝ እሱ እዚህ ላይ ይብቃ።

ስለ አክስትህ የጻፍከው ደርሶኛል። ስድስት ገጽ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ እንደሆነ ታውቃለህ። ዳቦ ቤቱ፣ ዳቦ ስታስረክብ ፈርም እንጂ አውራ ጣትህን አትንከርብን ስላለኝ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ስድስቱ ገጽ አራት ቀን ፈጀብኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ላንብብልህ ብላኝ ነበር። ለእኔ የተጻፈውን እኔው አነበዋለሁ አልኳት። ተቀየመች። ትቀየም።

ለቀብር አልደረስኩም ብለህ ይቅርታ ጠይቀሃል። የመኖሪያ ወረቀትህ ሳያልቅ ከወጣህ መልሰው እንደማያስገቡህ ነግረውኛል። ስለዚህ ይቅርታው ቦታው አይደለም። እሷም ብትሆን አርፈህ ሥራህን ሥራ ነበር የምትልህ። የእህቷ ልጅ ብትሆንም ከእኔ ይልቅ ላንተ ነበር የምታደላው፤ እሱን አንተም ታውቀዋለህ።

ስልክ ስለማልመልስ አትዘንብኝ። በስልክ መጮህ አልወድም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሰፈሩ ጆሮው ረጅም ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የምጠይቅህ የሙያ ነገር ነው። በዚያ አገር ቀኑን ሙሉ የሰው ባትሪ ስታስነሳ እንደምትውል ጽፈህልኛል። የእኔዋ ትንሿ መኪና አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ አለች። ባትሪው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የዳቦ መኪና ስነዳ አንድ ቀን ባትሪ አልቆብኝ አያውቅም። ይሄኛው ደግሞ አዲስ ነው፣ በመጋቢት የተገዛ። መብራት አብርቼ አልተውኩም። በሯ ገርበብ ብሎ አላደረም። ሬዲዮ የላትም፣ እንደምታውቀው አንተ ነህ ፈታተህ ያበላሸኸው። የባትሪው ማሰሪያ፣ ሞርሴቶው፣ ጠብቆ የታሰረ ነው፣ ነጭ ነገር ሲያበቅል በሙቅ ውሃ አጥበዋለሁ። በዚያ ላይ እንዳትቀዘቅዝ ብዬ በየጠዋቱ ሦስት ደቂቃ አስነሳት ነበር። ሦስት ደቂቃ፣ በሰዓት። ከዚያ አጠፋታለሁ።

ከዚህ በላይ ሰው ምን ያደርጋል?

ለምን እንደሞተ ንገረኝ። ባትሪ ላክልኝ አላልኩም። ብትልክ እመልሰዋለሁ። ምክንያቱን ብቻ ጻፍልኝ።

የአክስትህ ባል

---

ጥቅምት 30

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ ዓይንዎ እንዳይደክም፣ ቤትዎ ያለ ሰው ድምፅ እንዳይውል እየተመኘሁ ሰላምታዬን ካለሁበት እልካለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል። ለእኔ ብርድ ማለት ሥራ ማለት ነው፣ ባትሪ የሚሞተው በብርድ ነዋ።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን አብረውኝ ለሚኖሩት ሁለት ልጆች አነበብኩላቸው። ቅር አይበልዎት። በሕይወቴ እርስዎ እኔን አንድ ነገር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሬዲዮኑን የፈታሁ ጊዜ «ይሄ ልጅ ሽቦ ከማላላት በቀር ለምንም አይሆንም» ብለው እንደነበር ነገርኳቸው። ሽቦ የሚለው ስሜም በዚያው መውጣቱን ነገርኳቸው። እየሳቁ «እንኳን ደስ አለህ፣ ተሾምክ» አሉኝ።

እንግዲህ በሹመቴ ልመልስ። የማውቀው ሥራዬን ነው። በጠዋት ቢጫ መብራት ያላትን መኪና ይዤ ከፎቅ ሥር ያሉ መኪና ማቆሚያዎች ውስጥ እገባለሁ። ሰዉ በነጠላ ጫማና በሌሊት ልብስ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሁሉም ያው ነው፤ መጀመሪያ መሪውን ይደበድቡታል፣ ቀጥሎ «ትናንት ደህና ነበር» ይላሉ። እርስዎም «አዲስ ነው» አሉኝ፣ ሃሃ!

ጋሼ፣ ገዳዩ ተገኝቷል። እርስዎ ነዎት!

ሦስቷ ደቂቃ ናት የገደለችው። ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ ከባትሪው አንዴ ጎርሶ ነው የሚወስደው። ያን የወሰደውን ዲናሞው መልሶ እስኪሞላ መኪናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መሄድ አለበት፤ መቆም ሳይሆን መሄድ። እርስዎ ግን በየጠዋቱ አንድ ጭልፋ እየቀዱ ግማሽ ማንኪያ ሲመልሱለት ከረሙ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያልቃል፣ ምልክት አይሰጥም፣ ከዚያ አንድ ቀን ቀጥ ይላል። የዳቦው መኪና ያልሞተብዎ ጎበዝ ሆነው ሳይሆን (ይቅርታ ጋሼ) ከጎህ እስከ ቀትር ሲሮጥ ስለሚውል ነው።

ለወደፊቱ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ብለው ጥሩ አድርገው ይንዷት። መንዳት ካልቻሉ ጭራሽ አያስነሷት፤ የነጌቲቩን ሞርሴቶ ፈትተው ይተዉት፣ ወር ሙሉ ይቆይልዎታል። አሁን ለማስነሳት ከልብስ ሰፊዋ ደንበኞች አንዱ መኪናውን ያስጠጋልዎት። ቀዩን ኬብል ከቀይ ጋር ያስሩ፣ ጥቁሩን ግን በመጨረሻ፣ ያውም ባትሪው ላይ ሳይሆን ከእሱ ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ። ፍንጣሪ ስላለው ፊትዎን አያስጠጉት። ሲነሳ እንዳያጠፏት፣ ይንዷት።

ይኸው፤ በፍቅር የሞተ ባትሪ ነው የእርስዎ። ይጻፉልኝ፣ ሌላም ይጠይቁኝ።

ልጅዎ ሽቦ

---

ታኅሣሥ 28

ለሽቦ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤና ይስጥህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጥሩ አድርገህ ነው ያስረዳኸው፣ ገብቶኛል። ሙያህን አውቀሃል። ይሄን ስልህ ለማላገጥ አይደለም።

መኪናዋን አሮጌ ብረት ለሚሰበስበው ሰው ልሰጣት ነው። ከእንግዲህ ስለ ባትሪ አትጻፍልኝ።

የአክስትህ ባል

---

ጥር 20

ለማከብርዎ ጋሼ፤

ሰላም ከቤትዎ አይራቅ፣ ሐሳብ ደጅዎን አይርገጥ። እኔ በሰላም አለሁ፣ ሐሳብ ግን የእኔን ደጅ አልለቀቀም።

ምን አጠፋሁ? ሁለት ወር ጠብቄ አምስት መስመር ጻፉልኝ። «ጎበዝ ሆነው ሳይሆን» ያልኩት ቀልድ ነው። ካስቀየመዎት እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ፤ እኔ ባልደርስ ወረቀቱ ወድቆልኛል።

ስልኩን እንደማያነሱ ስለማውቅ ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወልኩ። አይቆጧት፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርኳት። በግቢው በኩል ያለውን መስኮት ዘግተው በምስማር መተውታል አለችኝ። ምግብ ስታመጣ በሩን አንድ ስንዝር ከፍተው «አልጠየቅሁሽም» ብለው ይመልሷታል አለችኝ። ሱሪዎ ሰፍቶ በገመድ ታጥቀዋል አለችኝ። «ሰውዬው ሊከተላት ነው» ነው ያለችው፣ በቃሏ።

ጋሼ፣ እባክዎን። አክስቴን፣ እቴቴን፣ ቆሜ አልቀበርኩም። እርስዎንም በስልክ እንዳልቀብር።

መኪናዋን አይስጡብኝ። ለመስጠት የፈለጉት በባትሪው ምክንያት ከሆነ እንዳይቆጡኝ እንጂ እኔ እልክልዎታለሁ። የባትሪው ክዳን ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አምስት አሃዝ ያለውን ቁጥር ይገልብጡልኝ፤ የባትሪው ልክ የሚታወቀው በእሱ ነው። ካልሆነ ቦታው ላይ አይገባም።

ቁጥሩን ባይጽፉም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሽቦ

---

የካቲት 19

ይድረስ ለሽቦ፤

እጅህን ከብረት፣ ዓይንህን ከአሲድ ይጠብቅልህ። እኔ አለሁ።

አላስቀየምከኝም። ሰው እውነት ጠይቆ እውነት ሲነገረው አይቀየምም። ነገር ግን ምን እንደጠየቅሁህ አንተ አታውቅም ነበር። አሁን ልንገርህና ሁለታችንም እንረፍ።

«አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ አለች» ብዬ የጻፍኩልህ፣ ያ ቀን አክስትህ የሞተችበት ነው።

ልቧ እንደደከመ ያወቅነው በሚያዝያ ነው። ሐኪሙ «ትንፋሽ ሲያጥራት ሳትውል ሳታድር ይዘሃት ና» አለኝ። እሷ ያን ከሰማች በኋላ እንቅልፍ እምቢ አላት። ሕመሙን አልነበረም የምትፈራው። «መኪናው ቢያስቸግርስ?» ነበር የምትለው። አዲስ ባትሪ ነው እላታለሁ። «አዲስ ነገርም ያስቸግራል» ትለኛለች። አልጋዋን በግቢው በኩል ካለው መስኮት ሥር አዞርኩላት። ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ፣ መኪናዋን አስነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ መጥቼ «ሰማሽ?» እላታለሁ። «ሰማሁ» ትለኛለች። ከዚያ ዞር ብላ ትተኛለች። እውነተኛ እንቅልፍ የምትተኛው ያኔ ነበር። ሦስት ደቂቃ ሲሆን አጠፋለሁ። ጭሱ እንዳይገባባት ነው የማጠፋው፣ ለነዳጁ ሰስቼ እንዳይመስልህ።

መቶ ሃያ ጠዋት። ቆጥሬዋለሁ። አንድም ቀን ነድቻት አልወጣሁም፣ እሷን ለማን ትቼ? አስቤዛውን ልብስ ሰፊዋ ነበረች የምትገዛልን።

ያን ቀን ተሸክሜ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ትራስ ደገፍኩላት። ቁልፉን አዞርኩት። ታክ ታክ ታክ አለ። የዳሽቦርዱ መብራት እንደ ሻማ ተቁለጭልጮ ጠፋ። በግፊ እንዳላስነሳት ግቢው ወደ ቤቱ ነው የሚያዘቀዝቀው፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። ልብስ ሰፊዋ በባዶ እግሯ መኪና ፍለጋ ወጣች። አርባ ደቂቃ ፈጀባት። መኪናው ሲመጣ አላስፈለገም።

ሰው ሁሉ ሞቷ ደርሶ ነው አለኝ። እኔ ግን ምክንያት አጥቼ ነው የከረምኩት። ሻጩ ይሆን፣ ሞርሴቶው ይሆን እያልኩ ስፈታ ስጠግን ነበር። አንተ ታውቃለህ ብዬ ጻፍኩልህ። ገዳዩ ተገኝቷል አልከኝ። ተገኝቷል። በየጠዋቱ ሦስት ሦስት ደቂቃ አድርጎ ነው የገደላት፣ መስኮት ሥር ቆሞ «ሰማሽ?» እያለ።

በዚህ አንተ ጥፋት የለብህም። የተጠየቀውን የሚመልስ ሰው ጥፋት የለበትም።

ቁጥሩን ገልብጬልሃለሁ፣ 54523 ይላል። የገለበጥኩት ጠይቀህ ዝም እንዳልልህ ነው እንጂ እንድትልክ አይደለም።

የአክስትህ ባል

---

መጋቢት 9

ለማከብርዎ ጋሼ፤

መጽናናቱን ይስጥዎት፤ ለእኔም እንደ አፌ የሚሆን እጅ ይስጠኝ፣ ይሄን ደብዳቤ ለመጻፍ ሳምንት ሙሉ ወረቀት ስቀድ ነው የከረምኩት።

ያን «ገዳዩ» ያልኩትን ቃል ስጽፍ እየሳቅሁ ነበር ጋሼ። ልጆቹም አብረውኝ ስቀዋል። አሁን የሰው ባትሪ ላይ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትናንት አንድ ሰውዬ «ምን ነካው?» ሲለኝ ኬብሉን አስሬ፣ አስነስቼለት ሄድኩ።

ነገር ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ነው የምጽፈው። የላኩልኝን ቁጥር አየሁት። መጨረሻ ላይ ያሉት አሃዞች ባትሪው ከፋብሪካ የወጣበትን ጊዜ ነው የሚናገሩት። ስቆጥረው ስድስት ዓመት ሆነ። ጋሼ፣ አዲስ ብለው የሸጡልዎት ባትሪ መደርደሪያ ላይ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ነው። አቧራውን ጠርገው ነው የሰጡዎት። እንዲህ ያለው ውስጡ አልቆ ነው የሚሸጠው። ሦስት ደቂቃ አስነሱት፣ ሦስት ሰዓት ነዱት፣ ያው ነው። ጨርሰውም ባይነኩት ኖሮ ያን ጠዋት ይሞት ነበር። በጥቅምት የጻፍኩልዎት ዕቃውን ሳላይ የፈረድኩት ነው። ባለሙያ ሳያይ አይፈርድም፣ እኔ ግን ሹመቱ አስክሮኝ ፈረድኩ። ተሳስቻለሁ። ሦስቷ ደቂቃ ምንም አላደረገችም፤ እቴቴን አስተኛች እንጂ።

እባክዎን መስኮቱን ይክፈቱ። ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ በሩን ከስንዝር አስበልጠው ይክፈቱላት። ለእኔ ሲሉ ያድርጉት፤ እኔ እዚህ ሆኜ የማስነሳው የሰው መኪና ብቻ ነው።

ልጅዎ ሽቦ

---

ሚያዝያ 27

ይድረስ ለልጄ ለሽቦ፤

ዕድሜ ይስጥህ፣ ወረቀትህንም ይጨርስልህ፣ የምታስነሳው መኪና ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይነሳልህ። እኔ አለሁ። ልብስ ሰፊዋ ሾርባ አምጥታልኝ ነበር። ጨው የለውም። ጨው የለውም አልኳት። «የሚበላ ሰው ነው ጨው የሚያማርጠው» አለችኝ። በላሁት። ምስማሩንም ነቅዬዋለሁ፣ መስኮቱ ግን እንጨቱ አብጦ አልከፈት ብሏል።

ደብዳቤህን አነበብኩት። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ስለዚህ ያነበብኩት አይጠፋብኝም። በጥር፣ ቁጥሩ የባትሪው ልክ የሚታወቅበት ነው አልከኝ። በመጋቢት የተወለደበት ቀን ሆነ። ደግሞስ ሻጮቹ ባትሪውን ደረቁን ከካርቶን አውጥተው አሲዱን የሞሉት እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነው። ስድስት ዓመት የተቀመጠ ዕቃ ምን እንደሚመስል የዳቦ ቤት ሾፌር አይጠፋውም።

አልተቆጣሁም። ስንት ዓመት ስታድግ ለራስህ ስትል ስትዋሽ ነው የማውቅህ፣ ሬዲዮኑንም «ድመት ነው የፈታው» ብለኸኛል። ለሰው ብለህ ስትዋሽ ግን የመጀመሪያህ ነው። ደብዳቤውን አጣጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቸዋለሁ። ባትሪ ብትልክልኝ እመልሰው ነበር። ይሄን ግን ተቀብየዋለሁ።

እንዲህ ካደረግክልኝ እኔም ያልነገርኩህን ልንገርህ። ለማንም አልነገርኩትም። ልብስ ሰፊዋም አታውቀውም።

ባትሪውን ከራሴ ጋር ጨርሼዋለሁ። ሳላውቅ ያደረግኩት ነው። ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ እሱ አይደለም።

ልብስ ሰፊዋ መኪና ፍለጋ ከሄደች በኋላ፣ ዝም ብዬ አልቀመጥም ብዬ ወረድኩና ኮፈኑን ከፈትኩት። ሞርሴቶውን ላጠብቅ፣ ምናልባት አንድ ትንፋሽ ቢቀረው ብዬ። ኮፈን ሲከፈት ታውቀዋለህ፣ መስታወቱን ጠቅላላ ነው የሚጋርደው። እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። አላያትም፣ አታየኝም። በመፍቻው ስታገል ክላክሱ ተነፋ። ከወንበሯ ሆና እጇን ወደ መሪው ዘርግታ ነው። ድምፁ ደህና አልነበረም፣ የታፈነ ነበር፣ ባትሪው የለማ።

እኔ ምን አልኩ መሰለህ? ከኮፈኑ ሥር ሆኜ ጮህኩባት። «አትንኪው! ያለችዋን ባትሪ ልትጨርሽብኝ ነው?» አልኳት።

ተወችው።

ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እሺ ብላኝ አታውቅም። በሩን ቀስ ብለሽ ዝጊ ስላት ታላጋዋለች፣ ዛሬ አትውጪ ስላት ጫማዋን አጥልቃለች። ያን ቀን ግን እሺ አለችኝ። ሞርሴቶውን አጥብቄ ኮፈኑን ስዘጋው እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። እንደ ተቆጡት ልጅ።

ምን ልትለኝ እንደነበር አላውቅም። ውሃ ፈልጋ ይሁን፣ ትራሱ ተንሸራቶባት ይሁን፣ ና አጠገቤ ቁጭ በል ልትለኝ ይሁን። አላውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ሳስበው ሁለት ጊዜ ያው መልስ አልመጣልኝም።

መኪናዋን ለብረት ሰብሳቢው አልሰጠሁም። ለልብስ ሰፊዋ ነው የሰጠኋት። ባትሪ አስገብታላት ትነዳታለች፣ እየነዳች ዕቃ ታመላልሳለች። ሳትነዳ እንዳታስነሳት ነግሬያታለሁ።

አንተ ደግሞ ለአንድ ባትሪ እንዲያ ያለ ውሸት ካመጣህ፣ ለዚህም የሚሆን ካለህ ጻፍልኝ። ዘለግ ያለ ይሁን።

የአክስትህ ባል